መሃል ላይ ያቆምኩት ንግግር

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን
ከቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ለምንዬ፣ የቤታችን ጠያቂ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፣ ግራ ጆሮዬም የፈለገውን ብቻ መስማት ጀምሯል፤ ከዚህ በቀር የሚወራ ሕመም የለኝም። "በአካል" ያልኩት አውቄ ነው። ሌላው ከታች ይመጣል።

ደብዳቤ ስታዪ ሰው የሞተ እንዳይመስልሽ። ማንም አልሞተም። ያልደወልኩልሽ ራሴን ስለማውቀው ነው፤ ነገር ሲከብደኝ ስልኩን መሃል ላይ እዘጋለሁ። ወረቀት አይዘጋም። ቢበዛ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ ውሃ ጠጥቼ እመለሳለሁ። እስካሁን ሁለቴ ጠጥቻለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት የፕሮግራመሮች ጉባኤ ላይ የተናገርሽውን ቪዲዮ የላክሽልኝ ቀን ምን እንዳደረግኩ ነግሬሽ አላውቅም። ኮት ለበስኩ። እዚሁ ቤቴ፣ ብቻዬን፣ ኮት ለብሼ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ልጄ ሕዝብ ፊት ልትናገር ነው፣ በሹራብ አይታይም ብዬ ነው። ጉንጭሽ ላይ ማይክ ለጥፈሽ፣ በዚያ በነጭ ሸራ ጫማሽ ብቅ ስትዪ "ምናለ ጫማውን እንኳ ብትቀይረው" አልኩ፤ ግን በደስታ ነው ያልኩት። አዳራሹ ጢም ብሎ በፕሮግራመር ሞልቷል። ከዚያ አፍሽን ከፈትሽና ሥራ በጀመርሽበት ዓመት የአንድ ድርጅት የደንበኞች ዝርዝር በስህተት እንዳጠፋሽ፣ ለሦስት ሰዓትም ትንፍሽ ሳትዪ እንደተቀመጥሽ ትተርኪ ጀመር። የኮቴ አንገት ጠበበኝ። ይህቺን ልጅ ምን ነካት፣ ማን አስገደዳት አልኩ። በእኛ ዘመን ሰው ጥፋቱን አደባባይ የሚያወጣው ተይዞ እንጂ ተጋብዞ አይደለም። ቀጠልሽና ያንን አልሽ፦ "ያደግኩት ጥፋት በሚሸፈንበት ቤት ነው። አባቴ 'ዝም አይነቅዝም' ይላል።" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እዚያው ሳቁ ላይ አቆምኩት።

የደወልኩልሽን ታስታውሺዋለሽ። ገመናዬን ባዕድ ፊት አሰጣሽው አልኩሽ። እናትሽ ይህን ሳትሰማ መሞቷ ተሻላት አልኩሽ። ይህን ቃል ሰርዤ መልሼ ነው የጻፍኩት፤ ያኔ ስናገረው አላመነታሁም። አንቺ አልተቆጣሽም። "አባዬ፣ እስከ መጨረሻው አየኸው?" ብቻ አልሽኝ። የሚያይ ይየው ብዬ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል "ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ" ሆኖ ቀረ ኑሯችን።

አሁን የምነግርሽ ያስቅሻል፤ ሳቂ፣ ግዴለም። ያንቺን ባላየውም የሌሎቹን ማየት ጀመርኩ። ያንቺ ንግግር ካለበት ጎን ሌሎች ንግግሮች ተደርድረዋል፤ አንዱን ስነካ ሌላው፣ ሌላውን ስነካ ሌላው ይመጣል። የሙያ ፍቅር አልነበረም። ናፍቆት ነው። ከልጄ ጋር የሚውሉት ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው፣ ምን ያወራሉ፣ ምን ያስቃቸዋል ብዬ ነው። እንግሊዝኛቸውን ሠላሳ ዓመት ስተይበው ስለኖርኩ በዓይን አውቀዋለሁ፤ በጆሮ ግን አልያዝ አለኝ። ስለዚህ ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩት። በግማሽ ፍጥነት ሁሉም ሰካራም ይመስላል። የዓለም ሊቅ ሁሉ ምላሱ እየተሳሰረ ሲያስተምረኝ ከረመ።

ሳላውቀው ነገሩ ያዘኝ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ ንግግር ካላየሁ ቀኑ አይነጋልኝም ነበር። ደብተር ገዛሁ። አንድ ባለ ሽበት ሰውዬ "ለምትጽፈው ነገር ሁሉ የደከመው ሰው እንኳ የሚገባው ስም አውጣለት" አለ፤ ጻፍኩት። አንዲት ቀጭን ልጅ "አንድ ሥራ ሦስቴ በእጅሽ ከሠራሽ፣ አራተኛውን ማሽኑ ይሥራው" አለች፤ ጻፍኩት። ሌላው ደግሞ "መጀመሪያ ቅጂ ላይ ሞክር፣ ዋናው ላይ በፍጹም" አለ። "ቅጂ" ብዬ በቀይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሰዎቹ ስክሪናቸው ላይ የሚጽፉትን መስመር በመስመር እገለብጣለሁ። መስመሩ ሲያልቅ ቪዲዮውን አቆማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እሞክራለሁ፣ እንደገና አስነሳለሁ። ታይፒስት አይደለሁ? መስመር ሲያልቅ መቆም የእጄ ዐመል ነው።

የምሠራበት ክሊኒክ የዓይን ክሊኒክ መሆኑን ታውቂያለሽ። ካርድ ክፍሉን ለሃያ ሁለት ዓመት የመራችውን ሴትዮ ግን አታውቂያትም። ሁሉም "ቁጥሬ" ነው የሚላት፤ የታካሚውን ፊት ስታይ የካርድ ቁጥሩን በቃሏ ስለምትጠራ ነው። አንድ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሰላም ሲላት፣ እግዜር ይመስገን ከማለቷ በፊት ቁጥሩን ትነግረዋለች። እሷ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ የነገ ባለ ቀጠሮዎችን ስም ለየሐኪሙ በእጇ ትገለብጥ ነበር። የመጀመሪያ ፕሮግራሜን የጻፍኩት ለሷ ነው፤ ዝርዝሩን በየክፍሉ ለይቶ ያትመዋል። ሲሠራ ስታይ አጨበጨበች። ክሊኒኩ ውስጥ "መሐንዲሱ" ተባልኩ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሽማግሌ መሐንዲስ ሲባል አንገቱ ረዘም ይላል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? የዛሬ አራት ወር፣ አንድ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

የቀጠሮው ዝርዝር ውስጥ የአምና ቀጠሮዎች ተከማችተው ቁጥሬን ያስቸግሯት ስለነበር አጽዳልኝ ብላኛለች። ዝርዝሩ የሚከፈተው በሷ ስምና በሷ ፓስዋርድ ብቻ ነው። ምሳ ልትበላ ስትወጣ ዝጊው አልኳት። "አንተ ተቀምጠህ ምን ይዘጋል?" ብላኝ ሄደች። ስልኬን የካርድ ሣጥን ላይ አስደግፌ ስለ ዝርዝር ማጽዳት የሚናገረውን ሰውዬ ከፈትኩት፤ ቀይ ቆብ ያደረገ ደንዳና ሰው ነው። ከምሳ ስትመለስ ዝርዝሩ ጸድቶ እንዲጠብቃት፣ ላስደንቃት ቸኮልኩ። በቀይ ሁለቴ ያሰመርኩበት ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሰውዬው የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈ። መስመሩ አለቀ። አቆምኩት። ጻፍኩት። ተጫንኩት።

ስክሪኑ "ይህን ያህል ሺህ ጠፍቷል" የሚል ቁጥር ሰጠኝ። ብዙ ሆነብኝ። ቪዲዮውን አስነሳሁት። አዳራሹ ይስቃል። ሰውዬውም እየሳቀ "ይህን እንዳታደርጉ" አለ፤ "የትኛውን እንደሚያጠፋ ስላልነገርነው ሁሉንም ነው ጠራርጎ የሚወስደው። ትክክለኛው እንዲህ ነው" ብሎ አንድ መስመር ጨመረበት። ልብ በዪ፣ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ሦስት ሰከንድ ብታገሥ እሰማው ነበር።

የተቀመጠ ቅጂ ነበረን፤ ግን የአምስት ሳምንት ነው። በአምስት ሳምንት ውስጥ የተመዘገበ ቀጠሮ ሁሉ የለም። ያኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ኪቦርዱን በመሐረቤ ወለወልኩት። እንደ ሌባ። ጣቴ እዚያ ላይ የተጻፈ መሰለኝ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ደብዳቤ የምጽፍ መስዬ ተቀመጥኩ። ቁጥሬ ከምሳ ስትመለስ በግድግዳው በኩል ድምፅዋን ሰማሁት። "ኧረ?" አለች።

በማግስቱ የታካሚዎቹ አግዳሚ ወንበር ሞላ። ስማቸው የሌለ መጡ፣ የአንድ ሳምንት ሰዎች በአንድ ቀን መጡ። አንድ አናጢ ነበሩ፤ ለዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ተቀጥረው፣ በታዘዙት መሠረት ምንም ሳይቀምሱ፣ ሚስታቸው እጅጌያቸውን ይዘዋቸው መጡ። ስማቸው የለም። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ለቁጥሬ "ልጄ፣ ስሜን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ድምፅሽን አውቀዋለሁ" ሲሏት በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ከሰባት ሳምንት በኋላ ተሠራላቸው። አንዱ ዓይናቸው ያያል አሉ። ስለ ሌላኛው አልጠየቅኩም፤ መልሱን ፈርቼ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ያንቺ እኩያ የምትሆን ዶክተር ነች። አስጠራችኝ። "እርስዎ ይህን ነገር ያውቁበታል፤ ምን እንደተፈጠረ ይዩልን" አለችኝ። ይታይሽ፣ አጣሪው እኔ ሆንኩ። ኮምፒውተሩ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘ የሚከትብበት መዝገብ አለው፤ መዝገቡ የት እንደሚገኝም የተማርኩት ከዚያው ከጉባኤው ሰዎች ነው። አትሜ ወሰድኩላት።

"የማንን ስም ነው የሚለው?" አለችኝ።

"የቁጥሬን ስም ነው የሚለው" አልኳት።

እውነት ነው። ወረቀቱ የሷን ስም ይላል። በሠላሳ ዓመት ጸሐፊነቴ ብዙ የአለቃ ውሸት ተይቤያለሁ፤ እንዲህ ያለ አንድ ፊደል የማይታረምለት ውሸት ግን ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ዓይኔን በጨው አጥቤ እዚያ ቆምኩ፤ ያውም ዓይን ክሊኒክ ውስጥ።

ቁጥሬን ሰው ሁሉ እያየ፣ የተጠባባቂዎች አዳራሽ መሃል፣ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ተቀበሏት። ወደ ልብስ ክፍል አዛወሯት፤ የቀዶ ጥገና ጋውን እየቆጠረች ታጥፋለች። አልተከራከረችም። ብትከራከርልኝ ምንኛ በቀለለኝ። "ጋሼ፣ ስነሣ ክርኔ ነክቶት ይሆናል" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛ ባለበት ስታልፍ ግራ ክንዷን ደረቷ ላይ አጥፋ ነው የምታልፈው። የሻይ ክበብ ውስጥ እንኳ ስኒ በቀኝ እጇ ብቻ ነው የምታነሳው። ደግሞ አመሰገነችኝ። ከሥራ እንዳትባረር ዶክተሯን የለመንኳት እኔ መሆኔን ነግረዋታል። አዎ፣ ለምኛለሁ። ያንንም አድርጌያለሁ፤ እኔ ላጠፋሁት ለሷ ምሕረት ጠየቅኩ። ልጄ፣ ከሁሉ ከሁሉ ይህ ነው የሚያሳፍረኝ። እናትሽ ብትኖር ኖሮ ፊቴን አይታ ታውቅብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደምበላ፣ እንዴት እንደምተኛ አልነግርሽም። ዝም አይነቅዝም ስል ኖሬ፣ እንዴት አድርጎ እንደሚነቅዝ በአራት ወር አየሁት። ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው።

ሁለት ወር እንዳለፈ ቁጥሬ አዲስ ደብተር ይዛ ክፍሌ መጣች። ሽፋኑ ላይ ስሟን በጥሩ አጻጻፍ ጽፋበታለች። "ጋሼ፣ አስተምረኝ" አለችኝ። "ምን ነክቼ እንዳጠፋሁት ልወቅ። ሳላውቀው ልሙት እንዴ?"

እሺ አልኳት። ምሳ ሰዓት ላይ ልብስ ክፍሉ ውስጥ፣ በታጠፉት አረንጓዴ ጋውኖች መሃል፣ ላፕቶፔን የልብስ ጋሪ ላይ አድርገን ንግግር እናይ ጀመር። እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ነግሬሽ የለም እንዴ፣ ካርድ ቁጥር በቃሏ የምትይዝ ሴት ነች። በስድስት ሳምንት ቀደመችኝ። አንድ ነገር ግን ከኔ ትለያለች፤ መስመር ሲያልቅ አታቆምም። እጇን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች፣ ከዚያ ነው ወደ ኋላ መልሳ የምትገለብጠው። ለምን እየሄድሽ አትጽፊም አልኳት አንድ ቀን። "ሰውዬው ሳይጨርስ ምኑን እጽፋለሁ?" አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ "ልጅህም እንዲህ ትናገራለች አይደል? ዛሬ የሷን አሳየኝ" አለች። ድምፁ ጥሩ አይደለም አልኳት፣ ረጅም ነው አልኳት፣ ላንቺ አይጠቅምም አልኳት። "የሰው ልጅ አሳይተኸኝ የራስህን ትደብቃለህ?" ብላ ድርቅ አለች። ከፈትኩት።

ነጭ ሸራ ጫማሽን አይታ "ልጅት ምቾት ታውቃለች" አለች። ዝርዝሩን እንዳጠፋሽ ስተረጉምላት ከወንበሯ ፈቅ ብላ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። "እሷም? እሷም አጥፍታለች?" አለችኝ፤ እህት ያገኘች ትመስል ነበር። ስለ ቤታችን ያልሽውንም ተረጎምኩላት። "ዝም አይነቅዝም" ስትዪ አዳራሹ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። እጄ ከዐመሉ ሊያቆመው ተነሣ። እሷ አጠገቤ ስለነበረች አፈርኩና መለስኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት መጣ።

ሳቁ ሲበርድ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ እንዲህ አልሽ፦ "የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አባቴ መሥሪያ ቤት ሄጄ የቢሮውን የጽሕፈት መኪና ከጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። ተሰበረ። አለቃው ሲመጣ አባቴ 'እኔ ነኝ የጣልኩት' አለ። ያን ዓመት ሊሰጠው የነበረው እድገት ለሌላ ተሰጠ። ቤት ስንደርስ ምንም አላለኝም። አባቴ ዝም ይላል፤ ጥፋት ግን በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ሲጭን አይቼው አላውቅም። በሦስተኛው ሰዓት፣ አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ መጠርጠር ሲጀምሩ፣ ያ የጽሕፈት መኪና ትዝ አለኝ። ተነሥቼ እኔ ነኝ አልኩ።"

የረሳሽው መስሎኝ ነበር። እኔስ ለማንም ተናግሬው አላውቅ።

"ምን አለች?" አለችኝ ቁጥሬ።

ላብ አጠመቀኝ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የልብስ ክፍል ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ነው፣ አይሰነጠቅም። "ጋሼ፣ አመመህ?" አለችኝና ውሃ ልታመጣልኝ ተነሣች። ያን ጊዜ ቪዲዮውን አቆምኩት።

"ቁጥሬ፣ ዝርዝሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "ያን ቀን ምሳ ስትወጪ። ባንቺ ስም ገብቼ። ዶክተሯ ስትጠይቀኝም አውቄ ነው ዝም ያልኩት።"

ቆማ ቀረች። ከዚያ፣

"ክርኔ አልነበረም?" አለችኝ።

"አልነበረም።"

ደረቷ ላይ ያጠፈችውን ክንድ ዘረጋችው። አየችው። ጋሪው ላይ ያለውን ጋውን አንስታ አጠፈች፣ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈች። "ለአራት ወር እጄን ስጠላው ከረምኩ" አለች፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። "እሱ ይቆየን" አለችኝ። "ቁልፌን የነጠቁኝ ሰው ፊት ነው። አንተም ሰው ፊት ንገር።" ተመልሳ ተቀመጠችና ስክሪኑን በአገጯ እያመለከተች "ቀጥለው፤ ጨርሳ ትናገር" አለችኝ። እስከ መጨረሻው አየነው። ልጄ፣ መጨረሻው ላይ ስንት ሰው ተነሥቶ እንዳጨበጨበልሽ አሁን ገና ነው ያየሁት።

ትናንት ጠዋት ዶክተሯ ጋ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ተነሥታ በሩን ዘጋች። "ለምን በስተርጅና ራስዎን ያዋርዳሉ?" አለችኝ። ሴትዮዋን በፀጥታ ወደ ቦታዋ እንመልሳታለን፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር እንላለን፣ እርስዎም ጡረታዎን በክብር ይወጣሉ አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ? ልቤ ዘለለ። እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ጥሩ ልጅ ነች፣ ለኔው አዝና ነው። ግን ያ ዝምታ በማን ጀርባ ላይ እንደሚቀር አውቀዋለሁ፤ ሰው "ማሽኑ ነው ተባለ" እያለ በጎን ቁጥሬን ማየቱን አይተውም። አይሆንም አልኳት። እንግዲያው ቅጣቱን የክሊኒኩ ቦርድ ይወስናል፣ ላድንዎት አልችልም አለችኝ። አያድኑኝ አልኳት።

ነገ ዓርብ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ በሩ ለታካሚ ሳይከፈት ሠራተኛው ሁሉ ተጠባባቂዎች አዳራሽ ይሰበሰባል። እኔ እቆማለሁ። አናጢውንም በሚስታቸው በኩል አስጠርቻቸዋለሁ፤ ይመጣሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ምናልባት ጋውኑን የማጥፈው እኔ እሆናለሁ።

ንግግርሽን ከማክሰኞ ወዲህ አራት ጊዜ አየሁት፤ በሙሉ ፍጥነት። መጀመሪያ እጆችሽን ኪስሽ ከተሽ ነበር። በኋላ አወጣሻቸው። እኔ ኪስ ያለው ነገር ብለብስ አላወጣቸውም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። እጅ የት ነው የሚደረገው? ጉሮሮስ ሲዘጋ ምን ይደረጋል? ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ነገ ካለፈ ሰንብቷል፤ መልስሽ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ። ግን ልጅ ሆነሽ "ለምን? ለምን?" ስትዪኝ በቁጣ ዝም አሰኝቼሽ ለኖርኩት፣ አንድ ቀን እኔም ልጠይቅሽ አልኩ።

በስልክ ስለ እናትሽ የተናገርኩትን ይቅር በዪኝ። ብትሰማሽ ኖሮ ቆማ ታጨበጭብ ነበር፤ እኔንም በክርኗ ትጎስመኝ ነበር። "እስከ መጨረሻው አየኸው?" ስትዪኝ "የላክሁልህ ለመጨረሻው ስል ነው" ማለትሽ እንደነበረ አሁን ገባኝ። ሁለት ዓመት በከንቱ አኮረፍኩሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ያንን ንግግር ሌላ ቦታ ደግመሽ የምትናገሪው ከሆነ፣ "ጥፋት በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ሲጭን አይቼው አላውቅም" ያልሽውን መስመር አርሚው። አሁን ትክክል አይደለም። የጽሕፈት መኪናውን ግን እንዳለ ተዪልኝ፤ እሱ እውነት ነው።

ቁጥሬ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ ብላኛለች። አላጨበጭብም ብላኛለች። እስክትጨርስ ግን እሰማሃለሁ ብላኛለች።

መንገድሽን ያቅናልሽ። ያጠፋሽ ቀን የሚሰማሽ፣ የለፋሽ ቀን የሚያመሰግንሽ ሰው አያሳጣሽ። እንደ አባትሽ ጓዳ ሳይሆን እንደ አንቺ አዳራሽ የሰፋ ልብ ለልጆችሽ ይስጣቸው። እኔንም ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

አባትሽ

በዚህ ደብዳቤ ሦስት ቦታ ሰርዣለሁ፣ አንድ ቦታ ቀለሙ ፈሷል። እንደ ድሮው ሌላ ንጹሕ ወረቀት ላይ ልገለብጠው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እንዳለ ይድረስሽ።